ማስጠንቀቂያ ሲበዛ፤ የሆስፒታል ኮምፒዩተር አጭር ታሪክ

ኮምፒዩተር ወደ ሆስፒታል ሲገባ ከተጣሉበት ተስፋዎች አንዱ ሐኪሙ ሊዘነጋው የሚችለውን ነገር እንዲያስታውሰው ነበር። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶክተር ሆመር ዋርነርና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ በሶልት ሌክ ሲቲ «ሄልፕ» የተባለውን ሥርዓት ዘረጉ፤ ይኸውም የበሽተኛውን መረጃ አገናዝቦ የሐኪሙን ውሳኔ የሚያግዝ ነበር። በ1976 ደግሞ የኢንዲያናፖሊሱ ዶክተር ክሌመንት ማክዶናልድ የማስታወሻውን ጥቅም በቁጥር አሳዩ። በጥናቱ የተካፈሉት ዘጠኝ ሐኪሞች ኮምፒዩተሩ ሲያስታውሳቸው እርምጃ ከሚሹት ሁኔታዎች ለ51 በመቶው፣ ሳያስታውሳቸው ግን ለ22 በመቶው ብቻ ምላሽ ሰጡ። ማክዶናልድም ከስሕተቶቹ ብዙዎቹ የመነጩት ሰው ሊያስተናግደው የሚችለው መረጃ ውስን ከመሆኑ ሳይሆን እንደማይቀር ደመደሙ።

ከዚያ በኋላ በተሠሩት ብዙ ሥርዓቶች ይህ መደምደሚያ ተዘነጋ። ማስጠንቀቂያ ራሱ መረጃ ስለሆነ ያንኑ ውስን ትኩረት ይሻማል። በ2006 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የቀደሙትን ጥናቶች መርምረው እንዳቀረቡት፣ ሐኪሞች ከመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች ከ49 እስከ 96 በመቶ የሚደርሱትን ሳይቀበሉ ያልፏቸው ነበር።

መፍትሔ አልታጣም ነበር። በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ አብረው መሰጠት የሌለባቸውን መድኃኒቶች በሚመለከት ሁለት ሆስፒታሎችን አነጻጸረ። አንደኛው ማስጠንቀቂያዎቹን በአደጋቸው መጠን በሦስት ደረጃ ከፍሎ፣ እጅግ አደገኞቹን ማንም እንዳያልፋቸው አገደ፤ ቀላሎቹን ሥራ ሳያቋርጡ እንዲታዩ አደረገ። በዚህ ሆስፒታል እጅግ አደገኞቹ 100 በመቶ ተከበሩ፤ ደረጃ ባልለየው ግን 34 በመቶ ብቻ። ሐኪሙ ሊያልፋቸው በሚችላቸው መካከለኞቹም ቢሆን ልዩነቱ 29 በመቶ ለ10 በመቶ ነበር።

ይህ ከታወቀ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ በሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደረሰውን አደጋ ዶክተር ሮበርት ዋክተር በ2015 ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረውታል። ሐኪሟ ለአንድ ወጣት 160 ሚሊግራም፣ ማለት አንድ እንክብል፣ ለማዘዝ ቁጥሩን ጻፉ። ገጹ ግን ቁጥሩን በበሽተኛው ክብደት የሚያበዛ ስለነበረ ትእዛዙ 38 እንክብል ተኩል ሆነ። ማስጠንቀቂያው ለሐኪሟም ለፋርማሲ ባለሙያውም ታየ፤ መልኩ ከጥቃቅኖቹ ስለማይለይ ሁለቱም አለፉት። ነርሷ ባርኮዱን ሲያስነብቡም መሣሪያው ከትእዛዙ ጋር ይስማማል አለ። ወጣቱ ሁሉንም ዋጠ፤ በጽኑ ከታመመ በኋላም በሕይወት ተረፈ።

እንግዲህ ሥርዓቱን የሚነድፈው መሐንዲስ አዲስ ማስጠንቀቂያ ከመጨመሩ በፊት፣ ቀድሞ ከተተከሉት ውስጥ ስንቶቹ ሳይነበቡ እንደሚታለፉ ሊቆጥር ይገባዋል። የማይነበበውን ማንሣትም የንድፉ አንድ ክፍል ነው።