የሙያ ምርጫና የእንዶድ ታሪክ

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትምህርቱን የፈጸመ ወጣት ሁሉ ራሱን የሚጠይቀው ነው፤ ይኸውም «ምን ሙያ ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በደመወዝ ልክ ወይም በማዕረግ ስም ነው። ያለ ገቢ ቤት አይቆምምና ደመወዝ የሚናቅ ነገር አይደለም። ነገር ግን «ሙያዬ ለወገኔ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል። ይህንንም መለኪያ በምክር ብቻ ከመናገር፣ በአገራችን የተፈጸመ አንድ ታሪክ መመልከት ይሻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው በደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትንሽ ትል ነው። ትሉን በ1851 ዓ.ም. በካይሮ ያገኘው ቴዎዶር ቢልሃርዝ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ስለ ሆነ፣ በሽታው በእርሱ ስም ተጠራ። የትሉ እንቁላል ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋራ ወደ ወንዝ ይገባል፤ በውሃው ውስጥ ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ አካል ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ በውሃው የሚታጠበውን፣ የሚሻገረውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በዚያ ዘመን የነበረው መድኃኒት በሽተኛውን እጅግ የሚያስጨንቅ ነበር። ደግሞም የዳነው ልጅ ተመልሶ ወደዚያው ወንዝ ስለሚወርድ እንደ ገና ይያዝ ነበር። ቀንድ አውጣውን የሚያጠፋው መድኃኒት ከውጭ አገር በውድ ዋጋ የሚመጣ በመሆኑ፣ የአንድ ገጠር ሕዝብ አቅም የሚችለው አልነበረም።

በ1935 ዓ.ም. የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ተምረው በተመለሱ ጊዜ የያዙት ሥራ ይህንን በሽታ መመርመር ነበር። የድኾች ደዌ ነውና ብዙ ሊቃውንት የሚሽቀዳደሙበት ሥራ አልነበረም። በ1964 ዓ.ም. ወደ አድዋ ሄደው ወንዙን ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተመለከቱ። በሌላው የወንዙ ክፍል ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ስለዚህ በሕይወት ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው፣ ከአጣቢዎቹ አንዷ የእንዶዱን አረፋ ጨምራ እንድታሳያቸው ለመኗት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

እንግዲህ ልብ በሉ። እንዶድ ነጠላና ጋቢ የሚያነጣ የእናቶቻችን ሳሙና መሆኑን የማያውቅ የአገር ሰው አልነበረም። ያን ወንዝ የተሻገረ የተማረ ሰውም ብዙ ነበር። ነገር ግን አይቶ «ለምን?» ብሎ የጠየቀ፣ ከጠየቀም በኋላ የአጣቢዋን ዕውቀት ሳይንቅ ወደ ቤተ ሙከራ የወሰደው እርሱ የምርምር ሰው ነው።

ከ1969 እስከ 1974 ዓ.ም. በአድዋ በእንዶድ ሥራው ተፈተነ። ከትንንሽ ልጆች መካከል ከመቶው 50 ያህሉ በበሽታው ይያዙ የነበረው ወደ 7 ዝቅ አለ። የእርሻ ሊቁ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በመዝራትና በመምረጥ ደከሙ፤ ቁጥር 44 የተባለውም ዓይነት በብርታቱ ታወቀ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አጣቢዋም፣ መርማሪውም፣ ገበሬውን የሚያውቀው የእርሻ ሊቅም በየድርሻቸው ተሸክመውታል።

ሆኖም መንገዱ ቀና አልነበረም። የዓለም አቀፍ ድርጅቶች የእንዶድን ደኅንነት ተጠራጥረው ብዙ ዓመታት አዘገዩት። ዶክተር አክሊሉም የአፍሪካ ሊቃውንት በገዛ አገራቸው የሠሩት ምርምር የሚገባውን እምነት አለማግኘቱን በግልጽ ተናገሩ። ሁለቱ ሊቃውንት «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት የተቀበሉት በ1989 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከአድዋው ቀን 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዓ.ም. ዐረፉ፤ በዩኒቨርሲቲው ያቋቋሙት የምርምር ተቋምም በስማቸው ተሰየመ።

እንዶድ በሽታውን ከምድር አላጠፋም። ዛሬ ዋናው መከላከያ ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ሲሆን፣ ለተማሪዎች በብዛት ይታደላል። ይህን የምንናገረው የሠሪውን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ ጠቃሚ ሙያ ማለት ሥራው ሁሉ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚፈጸምለት ማለት እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው። በአድዋ ከበሽታ የዳኑት ሕፃናት ግን በእርግጥ ድነዋል።

ስለዚህ እናንተ ሙያ የምትመርጡ ወጣቶች፣ ወላጆችም ልጆቻችሁን የምትመክሩ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ብዙ ሰው የሚጎዳበት ችግር የቱ ነው? ከእርሱስ ሰው ሁሉ የሸሸው የትኛው ነው? ተሰጥዎዬና ትምህርቴ ለየትኛው ይበቃል? ሦስቱ በሚገናኙበት ስፍራ ያለው ሥራ ስሙ ያላማረ፣ ምስጋናውም የዘገየ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከወንዙ በታች ያለው ልጅ የሚጠብቀው እርሱን ነው።