ፍሬን በአንድ ጊዜ «እምቢ» አይልም

«ፍሬን እምቢ ብሎት…» የምትለዋን ሐረግ የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። አደጋ በተወራ ቁጥር፣ ታክሲ ውስጥም ይሁን ቡና ላይ፣ ወሬው በእሷ ይጀመራል፣ በእሷው ይዘጋል። ልብ ብላችሁ ከሰማችሁት ፍሬን የራሱ ፈቃድ ያለው፣ ያኮረፈ ቀን «አልታዘዝም» የሚል ፍጡር ያስመስለዋል። እኛ ግን ዛሬ ለፍሬን ጠበቃ ልንቆምለት ነው። ፍሬን እምቢ ከማለቱ በፊት ብዙ ጊዜ ለወራት ሲለምን የከረመ ነው። ከለማኞቹ አንዷ ደግሞ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ብረት ናት፤ ካሊፐሩ ወዲህና ወዲያ የሚንሸራተትባት ፒን። ይህች ፒን እንዴት ወደ መኪናችን እንደመጣች የሚናገር ከመቶ ዓመት በላይ የሚሄድ ታሪክ አለ። እስቲ ከእኛ ጋር ተከተሉት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከስሙ እንነሳ። ፍሬን የምንለው የጣልያኖቹን «ፍሬኖ» ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ… አንድ ጋራዥ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ሳያውቀው የጣልያንኛ ትምህርት ወስዶ ይወጣል። ቃሉ የጣልያን ይሁን እንጂ ዛሬ ከፊት ጎማችን ጀርባ የምናየው የዲስክ ፍሬን ሐሳብ የተመዘገበው እንግሊዝ አገር ነው። ፍሬድሪክ ላንቸስተር የተባለ የበርሚንግሃም መሐንዲስ በ1902 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ከጎማው ጋር የሚዞር ስስ ዲስክ በሁለት በኩል ጨምቆ ማቆም። ችግሩ መጨመቂያው ላይ ነው። ላንቸስተር የተጠቀመው መዳብ ስለነበር ብረት ከብረት ሲፋተግ ጩኸቱ አያድርስ ነው፤ መዳቡም ቶሎ ያልቃል። በዚያ ላይ የዘመኑ መንገድ አቧራና ጭቃ ነበር፣ ዲስኩ ደግሞ ራቁቱን የተጋለጠ።

በዚያው በ1902 ፈረንሳይ ውስጥ የሉዊ ሬኖ ስም የሚነሳበት የታምቡር ፍሬን መጣ። ታምቡር የሚሠራው ከውስጥ ወደ ውጭ በመግፋት ስለሆነ ሆዱ ከአቧራ ይሻላል። ስለዚህ ለሃምሳ ዓመት ያህል አሸናፊው እሱ ሆነ። የመፋተጊያውንም ነገር ኸርበርት ፍሩድ የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ አሻሻለው። በ1897 ፌሮዶ የተባለውን ድርጅት የመሠረተው ይህ ሰው በመጀመሪያ ጥጥ ነክ ጨርቅ፣ ኋላ ደግሞ አስቤስቶስ ተጠቀመ። እኛ «ሸራ» የምንለው ዕቃ መነሻው በእርግጥም ጨርቅ ነበር ማለት ነው። (አስቤስቶስ ሳንባን ለካንሰር እንደሚዳርግ ዓለም የተቀበለው ከብዙ ሕይወት በኋላ ነው። የፍሬን ብናኝን በአየር ግፊት ማራገፍ ዛሬም የማይመከርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።)

ታምቡር ግን አንድ ክፉ አመል አለው። ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይርቃል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ሹፌር በረገጠ ቁጥር ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄድበታል። መኪኖች እየፈጠኑና እየከበዱ ሲመጡ ይህ አመል ሰው ይገድል ጀመር። መሐንዲሶችም ዞር ብለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ላይ የተፈተነውን ዲስክ አዩ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይወራላት አንዲት ትንሽ መኪና አለች። ክሮስሊ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1949 ከአውሮፕላን የተወሰደ የዲስክ ፍሬን ያላቸው መኪኖች ለገበያ አቀረበ። ከቶዮታም ከመርሴዲስም ቀድሞ ማለት ነው። ነገር ግን አሜሪካኖች በክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጨውና ቆሻሻው ፍሬኑ ውስጥ እየገባ አዛገው፣ አጣበቀው። ክሮስሊ ብዙም ሳይቆይ ወደ ታምቡር ተመለሰ። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ዲስኩን ያሸነፈው ፍጥነት አልነበረም፣ ሙቀትም አልነበረም። ቆሻሻ ነው ያሸነፈው።

የክብሩ ቀን የመጣው በ1953 ነው። በፈረንሳዩ የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ቶኒ ሮልትና ደንከን ሃሚልተን የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን በተገጠመላት ጃጓር ሲ-ታይፕ አሸነፉ። አማካይ ፍጥነታቸው በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ በዚያ ውድድር ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ምስጢሩ ከሞተሩ ይልቅ ማቆሚያው ላይ ነበር። ዘግይቶ ፍሬን መርገጥ የሚችል ሹፌር በየመታጠፊያው ሜትሮችን ያተርፋል፤ 24 ሰዓት ሙሉ ሲደመር ደግሞ ብዙ ነው። በ1955 ሲትሮየን ዲኤስ ከፊት የዲስክ ፍሬን ይዛ ፓሪስ ላይ ስትታይ ነገሩ ከውድድር ሜዳ ወደ ቤተሰብ መኪና ወረደ።

ቀጥሎ የመጣው የገንዘብ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዎቹ ካሊፐሮች ቋሚ ነበሩ፤ ከዲስኩ ግራና ቀኝ ፒስተን ይቀመጥና ሁለቱም ይጨምቃሉ። ጥሩ ይሠራሉ፣ ግን ውድ ናቸው፣ ቦታም ይይዛሉ። መሐንዲሶቹ ታዲያ አንድ ብልሃት አገኙ። ፒስተኑን በውስጥ በኩል ብቻ አስቀምጦ ካሊፐሩን እንዳለ መንሸራተት እንዲችል መልቀቅ! ጎማ ባለው ወንበር ተቀምጣችሁ ግድግዳ ብትገፉ ወደ ኋላ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ አይደል? ይህም እንደዚያው ነው። ፒስተኑ የውስጡን ሸራ ዲስኩ ላይ ሲገፋ ካሊፐሩ ራሱ ወደ ኋላ ይሳባል፤ ሲሳብም የውጩን ሸራ ይዞ ይመጣል። አንድ ፒስተን የሁለት ሥራ ሠራ። ፎርድ በ1968 ሞዴል መኪኖቹ ላይ ባለ አራት ፒስተኑን ቋሚ ካሊፐር ትቶ ባለ አንድ ፒስተኑን ተንሸራታች ያዘ። በ1970ዎቹ ሌሎችም ተከተሉ፤ ዛሬ አብዛኛው የቤት መኪና የሚቆመው በዚህ ነው።

እንግዲህ ካሊፐሩ የሚንሸራተተው በሁለት ፒኖች ላይ ነው። ፒኖቹ በግሪስ ተቀብተው በትንንሽ ጎማዎች ይሸፈናሉ። እኛ እንደሚገባን የታሪኩ ቁም ነገር እዚህ ነው። ፋብሪካው ፒስተን ቆጠበ፣ መኪናው ረከሰ፣ ዕዳው ግን አልጠፋም። ፒኗን የማጽዳትና የመቀባት ግዴታ ሆኖ ወደ ባለመኪናውና ወደ መካኒኩ ተላለፈ። ክሮስሊን ያሸነፈው ቆሻሻም ሄዶ ጥቂት ግራም ግሪስ ደጃፍ ላይ ቆመ።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። የአዲስ አበባን መንገድ ለዓመታት የሞላችው ሰማያዊና ነጭ ላዳ የተወለደችው ከጣልያኑ ፊያት 124 ነው። ፊያቱ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነበረው። ሶቪየቶች በ1970 ማምረት ሲጀምሩ ግን የኋላውን ወደ ታምቡር መለሱት፤ ጭቃማው መንገዳቸው የኋላ ዲስኩን ቶሎ ስለጨረሰባቸው ነው። የፊቱ ደግሞ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ፒስተኖች ያሉት ቋሚ ካሊፐር ነበር። ተንሸራታች ፒን የሚባል ነገር የለውም። ቪትዝና ኮሮላ ግን ከፊት ተንሸራታች ካሊፐር አላቸው። ላዳ ላይ «ሸራ ቀይርና ጨርስ» ያለ ሹፌር ትክክል ነበር፤ ቪትዝ ላይ ይህንኑ ቢል ግማሹን ሥራ አስቀርቷል።

የቀረው ግማሽ ምን ያደርጋል? ፒኗ ስትደርቅ ካሊፐሩ ይያዛል። ስትረግጡ ሥራው በአብዛኛው በውስጡ ሸራ ላይ ይወድቃል፤ ስትለቁም ሸራው ከዲስኩ አይላቀቅም። መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ነዳጅ ይበላል፣ አንዱ ጎማ ከሌላው ይበልጥ ይሞቃል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እየተጎተተ የሚሄድ ሸራ እዚያ ላይ የፍሬን ዘይቱን እስከ ማፍላት ሊያደርሰው ይችላል፤ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጥራል፣ ፔዳሉም እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ «እምቢ አለኝ» የሚባለው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በመደገፊያ ይቁም። ካሊፐሩ ሲፈታ በጎማ ቱቦው አይንጠልጠል፣ በሽቦ ይታሰር። ፒኖቹ ይውጡ፣ አሮጌው ግሪስና ዝገቱ ይጠረግ፣ የተቀደደ መሸፈኛ ጎማ ይቀየር። የላይኛውና የታችኛው ፒን የሚለያዩባቸው መኪኖች ስላሉ እያንዳንዱ ወደየቦታው ይመለስ። የሚቀባው ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ወይም ሲንተቲክ ግሪስ ነው። ተራው የኩሽኔታ ግራሶ የፒኑን ጎማ አሳብጦ ራሱ ያጣብቀዋል። ቅባቱ ስስ ይሁን፤ ሸራና ዲስክ ደግሞ ፈጽሞ አይንካ። ሲያልቅ ካሊፐሩ በእጅ ሲገፋ ያለ ችግር መንሸራተት አለበት። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊትም ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ።

መኪና የሌላችሁም አትሳቁ፤ የምትሳፈሩበት ታክሲ ፒን አለው። መኪና ያላችሁ ግን በሚቀጥለው የሸራ ቅያሪ መካኒኩን «ወንድሜ፣ አሮጌዎቹን እስቲ አሳየኝ» በሉት። ከአንድ ጎማ የወጡትን ሁለት ሸራዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። እኩል ካለቁ ደስ ይበላችሁ። አንዱ ስስ፣ ሌላው ወፍራም ከሆነ ግን አዲስ ሸራ ብቻ አስገብታችሁ አትውጡ፤ ፒኖቹ ወጥተው፣ ተጠርገው፣ ተቀብተው ሲገቡ ቆማችሁ እዩ።