የፕሬዝዳንቱ ይቅርታ፦ ፍርድ ቤት የማይሽረው የአሜሪካ መሪዎች ሥልጣን እስከ የት ይደርሳል?

ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ዋሽንግተን ውስጥ ሁለት ፕሬዝዳንቶች በአንድ ቀን ከአንድ የሕገ መንግሥት ዐረፍተ ነገር የሚመነጨውን ሥልጣን ተጠቀሙበት። ጆ ባይደን ሥራቸውን ሊያስረክቡ ደቂቃዎች ሲቀሯቸው ወንድሞቻቸውንና እህታቸውን ጨምሮ ለአምስት የቤተሰባቸው አባላት ይቅርታ አደረጉ። ዶናልድ ትራምፕ ቃለ መሐላ በፈጸሙ በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ጃንዋሪ 6 ቀን 2021 በካፒቶል ላይ ከደረሰው ጥቃት ጋር በተያያዘ ለተፈረደባቸው ወደ 1,500 ለሚጠጉ ሰዎች ይቅርታ ሰጡ፤ የሌሎች 14 ሰዎችን እስራት አሳጠሩ፤ በሂደት ላይ የነበሩ ክሶችም እንዲቋረጡ አዘዙ።

ዲሞክራቶች የትራምፕን ውሳኔ በፍትሕ ላይ እንደ መሳለቅ ቆጠሩት። ሪፐብሊካኖች የባይደንን ቤተሰብን ከተጠያቂነት የማሸሽ ተግባር አሉት። ከሁለቱ ውሳኔዎች አንዱንም ሊሽር የሚችል ፍርድ ቤት ግን አልነበረም።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ገደቦች ብቻ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ ሁለት ለፕሬዝዳንቱ ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን ሲያጎናጽፍ ሁለት ገደቦችን ብቻ አስቀምጧል። የመጀመሪያው፣ ይቅርታው የሚሠራው በፌደራሉ መንግሥት ሕግ ላይ ለተፈጸመ ወንጀል ነው፤ የግዛቶችን ሕግ አይመለከትም። ሁለተኛው፣ ምክር ቤቱ አንድን ባለሥልጣን ከሥልጣን ለማንሳት በሚመሠርተው ክስ ላይ አይሠራም። ምክንያት ማቅረብ፣ የምክር ቤትን ይሁንታ መጠየቅ ወይም ተጎጂዎችን ማማከር ግዴታ አይደለም።

ይህ ልቅነት ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅና ሲጸድቅም አከራክሯል። ከቨርጂኒያ ተወካዮች አንዱ የነበሩት ጆርጅ ሜሰን አንድ ፕሬዝዳንት ራሱ የመከረበትን ወንጀል ለፈጸሙ ሰዎች ይቅርታ አድርጎ ምርመራውን ሊያጨናግፍ ይችላል ሲሉ ሰግተው ነበር። ጄምስ ማዲሰን የሰጡት መልስ እንዲህ ያለ ፕሬዝዳንት በምክር ቤቱ ተከሶ ከሥልጣን ይነሳል የሚል ነው። አሌክሳንደር ሃሚልተን በበኩላቸው በዓመፅ ወቅት በተገቢው ሰዓት የሚሰጥ ይቅርታ አገር ያረጋጋል፣ ለዚህም ከብዙ አባላት ጉባኤ ይልቅ አንድ ሰው ይፈጥናል ብለው ተከራከሩ። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1795 ያደረጉትም ይህንኑ ነበር፤ በምዕራብ ፔንሲልቬኒያ በውስኪ ግብር ምክንያት በተነሳው ዓመፅ በአገር ክህደት ሞት ለተፈረደባቸው ሁለት ሰዎች ይቅርታ አደረጉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከጊዜ በኋላ ሥልጣኑን ይበልጥ አሰፋው። በ1866 በሰጠው ውሳኔ ይቅርታ ክስ ከመመሥረቱ በፊት፣ በክርክር ላይ እያለ ወይም ከፍርድ በኋላ ሊሰጥ እንደሚችል አረጋገጠ። ያልተከሰሱት የባይደን ቤተሰቦች ይቅርታ ማግኘት የቻሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ወንጀሉ ግን አስቀድሞ የተፈጸመ መሆን አለበት፤ ለነገ ጥፋት ዛሬ ይቅርታ አይሰጥም።

ለአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነጥብ መለየት ይገባል። በኢትዮጵያ ሕግ ይቅርታ ለተፈረደበት ሰው በቦርድ ተመርምሮ በፕሬዝዳንቱ የሚሰጥ ሲሆን፣ ምሕረት ግን በአዋጅ የሚወሰን ነው። የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ሥልጣን ሁለቱንም ያጠቃልላል። ጂሚ ካርተር ሥራ በጀመሩ ማግስት፣ ጃንዋሪ 21 ቀን 1977፣ ለቬትናም ጦርነት ላለመዝመት ሕግ ለጣሱ ሰዎች በጅምላ የሰጡት ይቅርታ በኢትዮጵያ የሕግ ቋንቋ ምሕረት ሊባል የሚችል ነበር። ፕሬዝዳንቱ ጥፋተኝነቱን ሳይነኩ ቅጣቱን ብቻ መቀነስም ይችላሉ። ባይደን ዲሴምበር 23 ቀን 2024 በፌደራል እስር ቤት ሞት ይጠብቃቸው ከነበሩ 40 ፍርደኞች የ37ቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት የለወጡት በዚህ መንገድ ነው።

ፎርድ የከፈሉት ዋጋ

ሕጉ ያላበጀውን ልጓም ለረጅም ጊዜ የተካው የመራጩ ቁጣ ነበር። ለዚህ ከጄራልድ ፎርድ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሪቻርድ ኒክሰን በዋተርጌት ቅሌት ሳቢያ ኦገስት 9 ቀን 1974 ሥልጣን ለቀቁ። ምክትላቸው የነበሩት ፎርድ ከአንድ ወር በኋላ፣ ሴፕቴምበር 8፣ ኒክሰን በሥልጣን ዘመናቸው ለፈጸሙት ወይም ፈጽመውት ሊሆን ለሚችል ማንኛውም የፌደራል ወንጀል ሙሉ ይቅርታ ሰጡ። የቀድሞ ፕሬዝዳንት ለዓመታት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ አገሪቱ ከቁስሏ አታገግምም የሚል ነበር ምክንያታቸው። ቃል አቀባያቸው ጄራልድ ተርሆርስት ውሳኔውን በመቃወም ወዲያው ሥራቸውን ለቀቁ። በጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት መለኪያ 71 በመቶ የነበረው የፎርድ ድጋፍ ወደ 50 በመቶ አሽቆለቆለ። ከኒክሰን ጋር ሥልጣንን በይቅርታ ተለዋውጠዋል የሚለው ጥርጣሬ እየበረታ ሲሄድ ፎርድ በተወካዮች ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ራሳቸው ቀርበው ቃላቸውን ሰጡ፤ ለአንድ በሥልጣን ላይ ላለ ፕሬዝዳንት እጅግ ያልተለመደ እርምጃ ነው። በ1976ቱ ምርጫ በካርተር በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ።

ፎርድ ውሳኔያቸውን ሲከላከሉ የሚጠቅሱት የ1915 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። በዚያ ጉዳይ አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ አዘጋጅ የፕሬዝዳንት ዊልሰንን ይቅርታ አልቀበልም ብሎ ነበር። ፍርድ ቤቱ መብቱን ሲያከብርለት፣ ይቅርታ የጥፋተኝነትን ጥላ እንደሚያጠላና መቀበሉም ጥፋትን እንደ ማመን እንደሚቆጠር ጻፈ። አገላለጹ አስገዳጅ ሕግ ስለመሆኑ የሕግ ሊቃውንት እስካሁን ይከራከራሉ። በ2001 የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ፋውንዴሽን ፎርድን በዚያው ውሳኔያቸው ሸለመ። በጊዜው ይቅርታውን ነቅፈው የነበሩት ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲም ፎርድ ትክክል ነበሩ አሉ። ከምርጫው ሽንፈት በኋላ 25 ዓመት አልፎ ነበር።

ከፎርድ በኋላ የመጡ ፕሬዝዳንቶች የወሰዱት ትምህርት ግን ሌላ ይመስላል፤ አወዛጋቢ ይቅርታ ከምርጫ በኋላ ይሰጣል። ጆርጅ ኸርበርት ዎከር ቡሽ በምርጫ ከተሸነፉ በኋላ፣ በ1992 የገና ዋዜማ፣ በኢራን ኮንትራ ቅሌት ለተጠረጠሩና ለተፈረደባቸው ስድስት ሰዎች ይቅርታ ሰጡ። ከእነሱ አንዱ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ካስፐር ዋይንበርገር ክሳቸው ገና አልተሰማም ነበር። ቢል ክሊንተን በመጨረሻው ቀናቸው፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2001፣ ከ140 ይቅርታዎች ጋር ለወንድማቸው ሮጀርና በግብር ማጭበርበር ተከሰው ስዊዘርላንድ ለነበሩት ነጋዴ ማርክ ሪች ይቅርታ አደረጉ። የሪች የቀድሞ ባለቤት ለዲሞክራቲክ ፓርቲ ከፍተኛ ገንዘብ የለገሱ ነበሩ። ካርተር ሳይቀሩ የራሳቸውን ፓርቲ ፕሬዝዳንት ድርጊት አሳፋሪ ብለውታል። የፌደራል ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን መርምሮ ክስ ሳይመሠርት ዘጋው።

ከመጨረሻው ቀን ወደ መጀመሪያው ቀን

ባይደን ልጃቸውን ሐንተርን በይቅርታ እንደማያስፈቱ ደጋግመው ተናግረው ነበር። ሐንተር በ2024 በዴላዌር ከጦር መሣሪያ ግዢ ጋር በተያያዘ ጥፋተኛ ተብለው፣ በካሊፎርኒያ ደግሞ የግብር ወንጀል አምነው ቅጣታቸውን እየጠበቁ ሳለ፣ ባይደን ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ቃላቸውን አጠፉ። የይቅርታው ስፋት ከኒክሰን ወዲህ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ ወደ 11 ዓመት የሚጠጋ ጊዜን ይሸፍን ነበር።

የትራምፕ ሁለተኛ ዘመን ግን የቆየውን ልማድ ገለበጠው። የካፒቶሉ ይቅርታ በሥልጣን መጨረሻ ተሸሽጎ የተሰጠ አልነበረም። በምርጫ ቅስቀሳ መድረክ ላይ በግልጽ የተገባ ቃል ነበር፤ መራጩም ይህንን እያወቀ መርጧቸዋል። ወደ 140 የሚሆኑ የፖሊስ አባላት በቆሰሉበት ጥቃት፣ ምክትል ፕሬዝዳንት ጄዲ ቫንስ ከበዓለ ሲመቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብለው ኃይል የተጠቀሙ ሰዎች ይቅርታ ሊደረግላቸው እንደማይገባ ተናግረው ነበር። ይቅርታው ሲመጣ ግን እነዚህንም አካተተ። በአመፅ ሤራ 22 ዓመት ተፈርዶባቸው የነበሩት የፕራውድ ቦይስ መሪ ኤንሪኬ ታሪዮ ከእስር ወጡ። በ1976 አንድ ፕሬዝዳንት ለደረሰበት ሽንፈት ምክንያት ሆነ የተባለው ነገር፣ በ2024 ድምፅ መሳቢያ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጡትም በአብዛኛው በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለውን የይቅርታ ጽሕፈት ቤት መደበኛ መንገድ የተከተሉ አይመስሉም። ጽሕፈት ቤቱ አመልካቾች ከተፈረደባቸው ወይም ከእስር ከወጡ በኋላ አምስት ዓመት እንዲጠብቁ ይጠይቃል፤ ፕሬዝዳንቱን ግን አያስገድድም። በኦክቶበር 2025 በማጭበርበር ከሰባት ዓመት በላይ ተፈርዶባቸው የነበሩት የቀድሞ የሪፐብሊካን ምክር ቤት አባል ጆርጅ ሳንቶስ ሦስት ወር ገደማ ታስረው ቅጣታቸው ተነሳላቸው። በዲሴምበር 2025 ደግሞ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር 45 ዓመት ተፈርዶባቸው የነበሩት የቀድሞው የሆንዱራስ ፕሬዝዳንት ኋን ኦርላንዶ ኸርናንዴዝ ይቅርታ አገኙ።

ከሁሉም ይበልጥ የሥልጣኑን ፖለቲካዊ ገጽታ ያሳየው ምናልባት የሄንሪ ኩዌላር ጉዳይ ነው። በጉቦ የተከሰሱት እኚህ የቴክሳስ ዲሞክራት በዲሴምበር 2025 ከትራምፕ ይቅርታ አገኙ። በቀናት ውስጥ በዲሞክራትነታቸው ለዳግም ምርጫ እንደሚወዳደሩ ሲታወቅ ትራምፕ ታማኝነት ጎድሏቸዋል ሲሉ በይፋ ወቀሷቸው። ሕጉ ይቅርታን ውለታ አድርጎ አያውቀውም፤ ከወቀሳው የሚነበበው ግን ሌላ ነው።

ይቅርታ የሚያነሳው እስራትን ብቻ አይደለም፤ ያልተከፈለ ቅጣትና ካሳንም ሊያነሳ ይችላል። ባለሀብቶችን በማጭበርበር አራት ዓመት የተፈረደባቸው የኒኮላ የጭነት መኪና ኩባንያ መሥራች ትሬቨር ሚልተን በማርች 2025 ይቅርታ ሲያገኙ፣ ዐቃብያነ ሕግ ለባለ አክሲዮኖች እንዲከፈል የጠየቁት እስከ 680 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ካሳም አብሮ ቀረ። በዚህ ጉዳይ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች ተቃውሞ የሚያቀርቡበት ችሎት የለም።

ግዛቶች፦ ጠንካራው ግንብ

የፕሬዝዳንቱ ሥልጣን በእርግጥ የሚቆመው የግዛት ሕግ በሚጀምርበት ቦታ ነው። የትራምፕ የቀድሞ አማካሪ ስቲቭ ባነን ለድንበር አጥር ግንባታ ከተሰበሰበ መዋጮ ጋር በተያያዘ ከተመሠረተባቸው የፌደራል ክስ በጃንዋሪ 2021 በይቅርታ ነጻ ወጡ። ኒውዮርክ በዚሁ ጉዳይ በግዛቱ ሕግ ከሰሳቸው፤ በፌብሩዋሪ 2025 ጥፋታቸውን አመኑ፤ ባይታሰሩም።

አንድ ሰው በአንድ ድርጊት ሁለቴ እንዳይከሰስ የሚከለክለው መርሕ እዚህ ላይ አያግድም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2019 ፌደራል መንግሥትና ግዛት የየራሳቸው ሕግ ያላቸው ሁለት ባለሥልጣኖች ናቸው የሚለውን የቆየ አቋሙን አጽንቷል። ግዛቶች ግን በራሳቸው ሕግ ጥበቃውን ሊያሰፉ ይችላሉ። የትራምፕ የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ የነበሩት ፖል ማናፎርት በኒውዮርክ ከተመሠረተባቸው ክስ ያመለጡት በዚያ ቀዳዳ ነው። ግዛቱ በ2019 ለፕሬዝዳንቱ ቅርብ የሆኑ ይቅርታ የተደረገላቸውን ሰዎች ለይቶ ቀዳዳውን ዘጋው።

በኖቬምበር 2025 ትራምፕ የ2020ን ምርጫ ውጤት ለመቀልበስ በተደረገው ጥረት የተሳተፉትን ሩዲ ጁሊያኒንና ማርክ ሜዶውስን ጨምሮ ለበርካታ ሰዎች ይቅርታ ሲያደርጉ፣ በዊስኮንሰንና በኔቫዳ የነበሩት የግዛት ክሶች አልተነኩም። በጆርጂያ የነበረው ክስ በዚያው ወር ቢዘጋም የዘጋው ይቅርታው ሳይሆን ጉዳዩን የተረከቡት የግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ውሳኔ ነው። ትራምፕ ራሳቸው በሜይ 2024 በ34 ክሶች ጥፋተኛ የተባሉበት የኒውዮርክ ፍርድም የግዛት ፍርድ በመሆኑ በፊርማቸው ሊያነሱት አይችሉም፤ ያላቸው መንገድ ይግባኝ ነው።

በግዛቶች ይቅርታ የሚሰጡት በአብዛኛው አገረ ገዥዎች ቢሆኑም ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። በጆርጂያ በ1940ዎቹ መባቻ ይቅርታ በገንዘብ ይሸጣል የሚል ቅሌት ከተነሳ በኋላ ሥልጣኑ ከአገረ ገዥው ተነጥቆ ለቦርድ ተሰጥቷል። በፌደራል ደረጃ እንዲህ ያለ ለውጥ ለማድረግ ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ይጠይቃል፤ ለዚያም የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የ38 ግዛቶች ይሁንታ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ ባለሥልጣናትንና ባለሀብቶችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአሜሪካ በመኖሪያ ፈቃድ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ስደተኞች፣ ከፕሬዝዳንቱ ወይም ከአገረ ገዥ የተገኘ ሙሉና ቅድመ ሁኔታ የሌለው ይቅርታ በአንዳንድ ወንጀሎች ምክንያት ከአገር ከመባረር ሊያድን ይችላል። የአደንዛዥ ዕፅ፣ የጦር መሣሪያና የቤት ውስጥ ጥቃት ወንጀሎች ግን በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይካተቱም። ቅጣት ማቅለል ብቻውን አይበቃም።

ራስን ይቅር ማለት

ኒክሰን ሥልጣን ከመልቀቃቸው አራት ቀን በፊት፣ ኦገስት 5 ቀን 1974፣ የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ክፍል አንድ አጭር ማስታወሻ አዘጋጅቶ ነበር። ማንም በራሱ ጉዳይ ዳኛ መሆን ስለማይችል ፕሬዝዳንት ለራሱ ይቅርታ ሊሰጥ አይችልም ይላል። ትራምፕ በ2018 ፍጹም መብት አለኝ ሲሉ ጽፈዋል፤ ይሁንና በመጀመሪያው ዘመናቸው አልሞከሩትም፤ የኖቬምበር 2025ቱ ይቅርታም እሳቸውን እንደማያካትት ሰነዱ ላይ ተጽፏል።

ማስታወሻው ፍርድ ቤትን አያስገድድም። ጥያቄው ችሎት ፊት የሚደርሰው አንድ ፕሬዝዳንት ለራሱ ይቅርታ ጽፎ ከወጣ በኋላ ተተኪው አስተዳደር ሲከሰው ብቻ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጁላይ 1 ቀን 2024 በ6 ለ3 ድምፅ ፕሬዝዳንቶች ሕገ መንግሥቱ ለእነሱ ብቻ በሰጣቸው ሥልጣን ለሚፈጽሙት ድርጊት በወንጀል እንደማይከሰሱ ሲወስን፣ ከእነዚህ ሥልጣኖች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ይቅርታን ነው።