የቡና ሒሳብ

ባለፈው ክረምት ሦስታችን አንድ ጓደኛችን እናት ዘንድ ሁለት ሳምንት ሰንብተን ነበር። እናቱ እንጀራ እየጋገሩ ለየሱቁ በማስረከብ የሚተዳደሩ ናቸው፤ ጓደኛችንን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃው ያ ምጣድ ነው ብንል ያጋነንን አይመስለንም። መቼም ተማሪ ሥራ ሲፈታ የሰው ኑሮ ማስላት ይወዳል። አንድ ማታ ደብተር አወጣንና የቤቱን የወር ወጪ መጻፍ ያዝን። ጤፍ፣ ኪራይ፣ መብራት፣ ዕድር፣ ዕቁብ፣ ለልጃቸው የሚልኩት የኪስ ገንዘብ፤ ይኼ ሁሉ በሰላም አለፈ። ቡናው ላይ ስንደርስ ግን ደነገጥን። ፍሬው፣ ከሰሉ፣ ዕጣኑና ቁርሱ አንድ ላይ ሲደመር ለልጃቸው ከሚልኩት ገንዘብ በልጦ ተገኘ። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ጓዳችን እስክሪብቶውን እንደ ዳኛ ከፍ አድርጎ፣ «እማማ፣ ገንዘቡ የሚፈስበትን ቀዳዳ አገኘነው» አላቸው።

እኚህ ሴት እንዴት ያሉ ሰው መሰሏችሁ? ሁለት ፌርማታ ለመሄድ ታክሲ የማይሳፈሩ፣ ፌስታል አጥበው ገመድ ላይ የሚያሰጡ፣ የሻማ ጉማጅ የማይጥሉ፣ ከዓመት በዓል ውጪ ሥጋ የማይገዙ ሰው ናቸው። ቀና እንኳ አላሉም። ቡናውን እየወቀጡ፣ «ስኳሩን ትቼዋለሁ ልጄ፤ በጨው ነው የምጠጣው። ቡናዬን ግን አትንኩብኝ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ደብተሩን አጠፍን። ወደ ግቢ ስንመለስ ግን ነገሩ ይከነክነን ጀመር፤ መጻሕፍት ቤት ገብተን ማገላበጥ የያዝነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሳንቲም የሚቆጥር ሰው፣ ከሁሉም ነገር ቆጥቦ ቆጥቦ አንዲት ነገር ላይ ሲደርስ እጁን የሚፈታው ለምንድን ነው? ያቺስ ነገር እንዴት ቡና ልትሆን ቻለች?

መጀመሪያ የገረመን ቡና በብዙው የደጋ ክርስቲያን ቤት የትናንት እንግዳ መሆኑ ነው። እኛ ከአዳም ጋር የመጣ ይመስለን ነበር። ተክሉስ የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ዘሪ ሳያሻው ይበቅላል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 አገራችን ገብቶ ሲዞር ካያቸው ነገሮች መካከል፣ ኦሮሞዎች ቡናውን ቆልተውና ፈጭተው በቅቤ ከለወሱት በኋላ እንደ ኳስ አድበልብለው በቆዳ ከረጢት ለረጅም መንገድ የሚሰንቁትን ጽፎልናል። እዚያ እንግዲህ ቡና ስንቅ ነበር። በክርስቲያኑ ደጋ ግን ካህናቱ የሙስሊሞች መጠጥ ነው እያሉ ያወግዙት ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የኢትዮጵያ የኢኮኖሚ ታሪክ እንደሚለው፣ ይህ ውግዘት መላላት የጀመረው በ1880ዎቹ ነው፤ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፣ አቡነ ማቴዎስም የካህናቱን ጥርጣሬ ለማስወገድ ብዙ ደክመዋል። መርዕድ ወልደ አረጋይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣ ጽሑፋቸው የሸዋን መነሣት ከቡና ንግድ ጋር አያይዘው ያዩታል። ንጉሥ የሚጠጣውን፣ ግዛቱም የሚነግድበትን ነገር ማውገዝ መቼም ለማንም ካህን ይከብዳል።

ነገሩን በቤተሰብ ዕድሜ ስናሰላው እንዲህ ይሆናል። ከአንዳንዶቻችን ቅድመ አያቶች መካከል ቡና በጓሯቸው ሲሸት ያማተቡ አይጠፉም። የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ቡና ሳይጠጡ የዋሉ ቀን ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ይተኛሉ። ነውር የነበረው ቅንጦት ሆነ፤ ቅንጦቱም ብዙ ሳይቆይ «ቡና ዳቦ ነው» ተባለለት። ከነውር ወደ ዳቦ ለመድረስ ይህን ያህል አጭር መንገድ የሄደ ሌላ ነገር ፈልገን አላገኘንም።

እናቲቱ «በጨው ነው የምጠጣው» ያሉትም የራሱ ታሪክ አለው። ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ደጋ የሚወጣው አሞሌ ጨው እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ገንዘብ ነበር። ከተቆረጠበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው ይወደዳል፤ ዝናብ ከመታው ይሟሟል፤ ባለቤቱ ሲቸግረው ደሞ ከጠርዙ ሸርፎ ወጥ ውስጥ ይጨምረዋል። ብር ኖቱን ሸርፎ የሚበላ ሕዝብ ከኛ ሌላ ይኑር አይኑር እንጃ። ታዲያ በዚያን ዘመን ቡናዋን በጨው የጠጣች ባላገር፣ አስተውለን ካየነው፣ ከመቀነቷ ገንዘብ ፈትታ ስኒዋ ውስጥ አሟሙታ ነው የጠጣችው! ዛሬ ጨው የድሃ ማጣፈጫ፣ ስኳር የደኅና ቤት ምልክት ሆኖ መታየቱ ሲታሰብ ያስቃል። ስኳሩማ ከውጭ እየመጣ ለጥቂት ቤት ብቻ የሚደርስ ነገር ነበር። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ፋብሪካውን ሥራ ካስጀመረ በኋላ ነው የአገር ውስጥ ስኳር ወደ ተራው ሰው ስኒ የዘለቀው።

ስኒ ካልን አይቀር፣ ቃሉ ራሱ በዐረብኛ «የቻይና» ማለት ነው። ጀበናዋን እዚያው ሰፈር ያለች ሸክላ ሠሪ በጥቂት ሳንቲም ትሠራታለች፤ ስኒው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሸቀጥ ነው። የሳር ጎጆ ውስጥ፣ የአፈር መደብ ላይ፣ ስድስት የባሕር ማዶ ስኒ! ሌላው ዕቃ ሁሉ ቅልና ሸክላ በሆነበት ቤት ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት እነዚያ ናቸው የሚያብለጨልጩት።

አሁን ወደ ጓዳችን ስሕተት እንምጣ። አንድ እፍኝ ፍሬ ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል። የመጀመሪያው አቦል ነው። በዚያው አተላ ላይ ውሃ ተጨምሮ ቶና ይወጣል፤ እንደገና ውሃ ተጨምሮ በረካ ይወጣል። ስሞቹን ከዐረብኛ አንደኛ፣ ሁለተኛና በረከት ከሚሉት ቃላት ጋር የሚያዛምዷቸው ብዙዎች ናቸው። በረካ ላይ ሲደርስ ውሃው ቡናውን የሚያውቀው በዝና ብቻ ነው፤ ቢሆንም ሳይጠጡት መነሣት ያስወቅሳል። ስድስት ሰው ቢቀመጥ ከአንድ ውቅጥ አሥራ ስምንት ስኒ ተቀዳ ማለት ነው። ይህን አባካኝነት የሚል ካለ አባካኝ አይቶ አያውቅም። ከዚህም በላይ፣ ጎረቤት በተራ ነው የሚያፈላው። ዛሬ እሳቸው ቤት፣ ነገ ከወዲያኛው በር፣ ከነገ ወዲያ ከአጥሩ ማዶ። እኛ ግን እሳቸው ያፈሉትን በሙሉ በወጪ ጻፍን እንጂ በሌላው ቤት የጠጡትን በገቢ አልጻፍንም። የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ትምህርት ያለፈ ሰው እንዲህ ያለ ጉድለት ሊሠራ ባልተገባው ነበር።

ለነገሩ ጓዳችን ብቻውን አይደለም። ቡናን ከሰው እጅ ለመንጠቅ ከእሱ የበለጡ ትላልቅ ሰዎች ሞክረው አፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ1511 የመካው ሹም ኻዒር ቤግ ሰዎች ሌሊት ተሰብስበው ሲጠጡ አየና ሊቃውንቱንና ሐኪሞቹን ጠርቶ አስከለከለው፤ ካይሮ ያለው ሱልጣን ግን ክልከላውን በሙሉ አላጸደቀለትም። የእንግሊዙ ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ በታኅሣሥ 1675 ቡና ቤቶች ሁሉ ይዘጉ ብሎ ዐወጀ። በለንደን ቡና ቤት ሰው አንዲት ፔኒ ከፍሎ ገብቶ እስከሚበቃው ጋዜጣ ያነባል፣ ይከራከራል፤ የፔኒ ዩኒቨርሲቲ እስከ መባል የደረሱት ለዚህ ነው። ንጉሡን ያስፈራው ወሬው እንጂ መጠጡ አልነበረም። ጩኸቱ ሲበረታበት ዐዋጁ ሥራ ላይ ሳይውል ሻረው።

ከሁሉ የሚብሰው የፕሩሲያው ታላቁ ፍሬድሪክ ነው። ቡና የአገሩን ገንዘብ ወደ ውጭ ያስወጣልና በ1777 ሕዝቡ ቢራ ይጠጣ የሚል መግለጫ አወጣ፤ እሱም ያደገው በቢራ ነውና። በ1781 ደግሞ ቡና መቁላት የመንግሥት ሥራ ብቻ እንዲሆን አደረገ። ከጦርነት የተመለሱ አሮጌ ወታደሮች በየመንገዱ እየዞሩ ተደብቆ የሚቆላ ቡና በአፍንጫቸው እንዲያነፈንፉ ተቀጠሩ። መኳንንቱ ፈቃድ ነበራቸው፤ ድሃው ግን ገብስና ቺኮሪ የሚባል ሥር እየቆላ አፈላ። ፍሬድሪክ በሞተ በዓመቱ፣ በ1787፣ ሥርዓቱ ፈረሰ።

ይህን ስናነብ ከመካከላችን አንዱ፣ «ኧረ ይኼንንስ እናቴ ነግራኛለች!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በዘለቀው የደርግ ዘመን ቡና የውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጭ ስለነበር፣ ያለ ፈቃድ እንዳይጓጓዝ በየኬላው ይፈተሽ ነበር። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ብራዚልን ውርጭ መታትና ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዓለም ገበያ ዋጋ በፓውንድ ከ3 ዶላር በላይ ወጣ፤ አንዱ ፍሬ ለመንግሥት የበለጠ ዶላር ሲሆን፣ ለድሃዋ ስኒ ደግሞ የበለጠ ሩቅ ሆነ። ወላጆቻችን ሲያወሩ፣ ከዘመድ ጥየቃ የምትመለስ ሴት አንድ ሁለት ኪሎ ቡና በልብሷ ውስጥ፣ በልጇ ማዘያ ሥር ጠቅልላ ኬላ ታልፍ ነበር። ጥሬው ስለማይሸት ጀግና ናት፤ የቆላችው ቢሆን ግን ፈታሹ እንደ ፍሬድሪክ ወታደር በአፍንጫው ይይዛት ነበር። ያጣችው ገብስ ቆልታ ትቀላቅላለች። በርሊንና ደብረ ብርሃን በሁለት መቶ ዓመት ልዩነት አንድ ዓይነት ገብስ ቆሉ።

ከዚያም ወዲህ ቢሆን ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ለረጅም ጊዜ ተከልክሎ ቆይቷል፤ እዚህ በሕግ የሚሸጠው ከደረጃ በታች ሆኖ የተመለሰው ነበር። ይህም ሆኖ አገሪቱ ከምታመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ ትጠጣዋለች። ቡና ከሚያመርቱት የአፍሪካ አገሮች እንዲህ የሚያደርግ የለም ማለት ይቻላል። አምራቹ ራሱስ? በሐረር በኩል ፍሬውን ለገበያ አውርዶ ለራሱ ቅጠሉን የሚያፈላ አለ፤ ቁጢ ይሉታል። ቆጣቢነት በዚህ አይብቃ?

ይሁንና ነገሩን ማር ብቻ አድርገን መጻፍ አንፈልግም። በመኝታ ክፍላችን ክርክሩ ሲጦፍ አንዲት የመንደራችን ልጅ ወደ ውይይቱ ገብታ፣ «እናንተ የምታወሩት ስለ ጠጪው ነው፤ ከሰል የምታራግበው ግን እኔ ነበርኩ» አለችን። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ስኒ ማጠብ የእሷ ሥራ ነበር፤ ወንድሞቿ በዚያ ሰዓት የቤት ሥራቸውን ጨርሰዋል። ይህ ወጪ በየትኛውም ደብተር አልተጻፈም፤ በእኛም ደብተር ጭምር። መልስ አልነበረንም። ሦስታችንም ወንዶች ነን፣ ሦስታችንም የተቀዳልን ነን።

የክረምቱን ነገር ልንጨርስ። ከመመለሳችን ከአራት ቀን በፊት የእናቲቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተቃጠለ። የእንጀራ ቤት ምጣድ ሲቃጠል ሱቅ ተዘጋ ማለት ነው፤ ጓደኛችን ፊቱ አመድ መሰለ። እሳቸው ግን ከሰዓት በኋላ እንደ ወትሮው ጀበናቸውን ጣዱ። አቦሉ ሳይቀዳ ወሬው ለስድስቱም ደረሰ። ቶና ላይ አንዷ «የኔን ከንጋት እስከ ረፋድ ውሰጂው» አለች። በረካ ላይ ደግሞ የሌላዋ ወንድም ኤሌክትሪክ ሠሪ እንደሆነ ታወቀ፤ ማታውኑ መጥቶ ሽቦውን አየው። ፊርማ የለ፣ ወለድ የለ። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ጥግ ተቀምጦ ፈንዲሻ እየቆረጠመ አንዲት ቃል አልተናገረም።

በነጋታው ወጥቶ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝቶ መጣ። እናቲቱ ተቀብለው በእጃቸው መዘኑትና፣ «ምነው ልጄ፣ ለደብተር አታውለውም? አሁን ይኼ ምን የሚሉት ብክነት ነው?» ብለው ተቆጡት። ከዚያም ለእንግዳ ይሆናል ብለው ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፉበትና ለራሳቸው ስኒ ጨው ቆንጥረው ጨመሩ።