ገንዘብና ሕግ በአንድ ቀን

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላሉ አበው። ተረቱ አንድ ነገር ሳይነግረን ያልፋል፤ የመጀመሪያዋን ሎሚ ማን ያንሣ? ሃምሳውም ሰው ሌላው ሲያነሣ ለማየት ቆሞ ቢጠብቅ ሎሚው እዚያው ይበሰብሳል። ባለጸጎችና ያቋቋሟቸው ፋውንዴሽኖች የዓለምን ብዝኀ ሕይወት ለማዳን የተባበሩበትን ታሪክ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ጥያቄ ይኸው ነው። እንጀራዬ የባንክ ቤት በመሆኑ ይሆናል፣ ከልግስናው ይልቅ ዓይኔን የሳበው የክፍያው ቅደም ተከተል ነው።

ነገሩ ከዕዳ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሜክሲኮ የውጭ ዕዳዋን መክፈል እንዳቃታት ባስታወቀች ጊዜ፣ ለላቲን አሜሪካ አገሮች ያበደሩ ባንኮች በመዝገባቸው የሰፈረው አኃዝ ሁሉ እንደማይመለስ ተረዱ። ያልተከፈለውን ዕዳም በቅናሽ ይሸጡት ጀመር። ዕዳ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ይሸጣል፤ የተጻፈበት ዋጋና የሚሸጥበት ዋጋ ግን ለየቅል ናቸው። በ1984 ቶማስ ላቭጆይ የተባሉ የሥነ ሕይወት ሊቅ ይህን ቅናሽ ተመልክተው፣ የድሆች አገሮች ዕዳ በተፈጥሮ ጥበቃ ይለወጥ የሚል ሐሳብ በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ጻፉ። ሦስት ዓመት ቆይቶ ኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት፣ ከዊደን ፋውንዴሽን ባገኘው ስጦታ፣ 650,000 ዶላር የተጻፈበትን የቦሊቪያ ዕዳ በ100,000 ዶላር ገዛ። በዶላር ዐሥራ አምስት ሳንቲም ገደማ መሆኑ ነው! ቦሊቪያም በምላሹ በቤኒ አካባቢ 1.5 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል ምድር ልትጠብቅና ለጥበቃው 250,000 ዶላር የሚያወጣ የአገር ውስጥ ገንዘብ እንዲመደብ ተስማማች።

ዕዳው ወዲያው ተሰረዘ። የተመደበው ገንዘብ ግን በወቅቱ አልተለቀቀም፤ ሕጉም ተንቀረፈፈ። ከሁሉ የከፋው፣ በዚያ ምድር የሚኖሩትን የጪማኔንና የሌሎች ነባር ሕዝቦችን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም። የእንጨት ኩባንያዎች በአካባቢው ሥራቸውን ቀጠሉ። በ1990 የቤኒ ነባር ሕዝቦች ከትሪኒዳድ ከተማ ተነሥተው እስከ ላ ፓዝ ከአንድ ወር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ስለ ርስታቸው አቤት አሉ። ያን ጉዞ የዕዳው ልውውጥ ብቻ አመጣው ማለቴ አይደለም፤ የመሬቱ ጥያቄ ከልውውጡ የቆየ ነው። ነገር ግን ለጋሹና መንግሥቱ በተፈራረሙበት ገበታ ላይ የእነርሱ ወንበር አልነበረም።

ባንክ ውስጥ ኤል ሲ የምንለው ነገር የተፈጠረው ለእንዲህ ያለው አለመተማመን ነው። ሻጩ ገንዘቡን ሳያረጋግጥ ዕቃውን አይጭንም፤ ገዢውም ዕቃው ሳይጫን ገንዘቡን አይለቅም። ባንኩ በመካከል ገብቶ፣ ሰነዱ ሁሉ ተሟልቶ ሲቀርብልኝ እከፍላለሁ ይላል። አንዲት ሰነድ ብትጎድል ክፍያ የለም። በቤኒ ጉዳይ ገዢው ሰነዱን ሳያይ ከፍሏል።

ትምህርቱ ፍሬ እስኪያፈራ ሃያ ዓመት ፈጀ፤ ያፈራውም ርቆ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ነው። ከቫንኩቨር በስተሰሜን 6.4 ሚሊዮን ሄክታር የሚሸፍን ጥንታዊ ዝናባማ ደን አለ፤ ነጭ ጠጉር ያለው ድብ ይገኝበታል፤ «ታላቁ የድብ ደን» ይሉታል። በ1990ዎቹ ተቆርቋሪዎች መንገድ እየዘጉ ከቆራጮች ጋር ተፋጠጡ፤ ከዚያም የእንጨቱን ደንበኞች ያዙ። በ1999 ሆም ዲፖ የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ መደብር ከጥንታዊ ደን የተቆረጠ እንጨት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ያን ጊዜ ኩባንያዎቹ ለድርድር ተቀመጡ። በዚህ ገበታ ላይ ግን የምድሩ ባለቤቶች፣ የጠረፉ ነባር ሕዝቦች፣ ወንበራቸውን ይዘው ቀረቡ። ጥያቄያቸው አጭርና የማይመለስ ነበር፤ ዛፉ አይቆረጥ ካላችሁ፣ ልጆቻችን ምን ይብሉ?

ፋውንዴሽኖች መልስ መስጠት የነበረባቸው እዚህ ላይ ነው። እነርሱን ግን እንደ አንድ ሰው ማየት ስሕተት ይሆናል። እያንዳንዱ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ የበጀት ዓመት፣ የራሱ የሪፖርት ቅጽ አለው (ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳም አይጠላም)። ብዙውን ጊዜ ለሁለት ለሦስት ዓመት ይሰጡና ፊታቸውን ወደ ሌላ ይመልሳሉ፤ የደን ጠባቂውም ደመወዝ ያኔ ይቋረጣል። ዛፍ ቆራጩ የበጀት ዓመት የለውም።

በካናዳ የተደረገው አዲስ ነገር የሚከተለው ነው። ሙር፣ ፓካርድና ሂውሌት ፋውንዴሽኖችን ጨምሮ የግል ለጋሾች 60 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ለመስጠት ቃል ገቡ፤ ቃላቸውን ግን በቅድመ ሁኔታ አሰሩት። የካናዳ መንግሥትና የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር እያንዳንዳቸው 30 ሚሊዮን ካልጨመሩ፣ የጥበቃው ስምምነትም ካልጸና፣ አንድም ሳንቲም አይለቀቅም። የአንዱ ቃል ለሌላው ዋስ ሆነ። በ2007 ሁሉም ተሟልቶ 120 ሚሊዮኑ ተዘጋ። የግሉ ገንዘብ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ለጥበቃ የሚውል ቋሚ ሀብት ሆነ፤ የመንግሥታቱ ድርሻ ነባር ሕዝቦቹ የሚተዳደሩበትን ሥራ ለማቋቋም ተመደበ። በ2016 ደግሞ ከደኑ 85 በመቶው ከኢንዱስትሪ ቆረጣ ነጻ እንዲሆን ተወሰነ።

ይህን አሠራር ከሌላ ሙያ ሰው በፊት የሚያውቀው የገንዘብ ሰው መሆኑ አያስገርምም። በጎልድማን ሳክስ ለዓመታት ሸሪክ የነበሩት ላሪ ሊንደን፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ሲገዙና ሲሸጡ ሁሉም ፊርማና ሁሉም ገንዘብ በአንድ ቀን እንደሚገናኙ ያውቁ ነበር፤ ባቋቋሙት ሊንደን ትረስት በኩል ይኸው ሥርዓት ለፓርኮች እንዲውል ጣሩ። በ2010 በኮስታ ሪካ፣ በ2014 ደግሞ በብራዚል ተፈጸመ።

የብራዚሉ ከሁሉም ይገዝፋል። አርፓ የሚባለው መርሐ ግብር በ2002 ተመሥርቶ በአማዞን የተጠበቁ ቦታዎችን ሲያስፋፋ ቆይቶ ነበር፤ በ2014 ሙር ፋውንዴሽን፣ የዱር አራዊት ፈንድ፣ የጀርመን መንግሥትና ሌሎችም ተሰባስበው 215 ሚሊዮን ዶላር ዘጉለት። የሚጠበቀው ምድር 60 ሚሊዮን ሄክታር ያህላል፤ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። እዚህ ላይ ገንዘቡ እንደ ካናዳው ዘላለማዊ አይደለም። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ዋናውም ጭምር እየተከፈለ ያልቃል፤ ለጋሹ በቀነሰ ቁጥር የብራዚል መንግሥት በጀት እየጨመረ ሙሉውን ይረከባል። ልጁ እየጠና ሲሄድ እጁን ቀስ በቀስ እንደሚለቅ አባት ነው።

መንግሥት ቢለወጥስ? ጥያቄው በ2019 መጣ። ኖርዌይ በዋናነት የምትደጉመውና በብራዚል የመንግሥት ልማት ባንክ የሚተዳደረው ሌላው ድጋፍ፣ የአማዞን ፈንድ፣ በዚያ ዓመት የአስተዳደር ኮሚቴዎቹ ፈርሰው ቆመ፤ የተንቀሳቀሰውም በ2023 መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው። የአርፓ ገንዘብ ግን ፉንቢዮ በተባለ የግል ተቋም እጅ በአደራ የተቀመጠ ነበር። ሒሳቡ በማን ስም ይከፈት የሚለው ነገር ደረቅ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል፤ አይደለም።

ሁሉንም ግን አላደንቅም። እንዲህ ያለው ስምምነት የሚፈርም ጠንካራ መንግሥት፣ ሰፊና የተያያዘ ምድር፣ የሚስብም ስም ይፈልጋል። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር በየደብሩ ቅጥር ተጠልለው የቀሩት ጥቃቅን ደኖች በዚህ በር አይገቡም። ለእነርሱ ዓይነቱ ይቀርብ የነበረው ሌላ ዓይነት ኅብረት ነው፤ ዓለም ባንክ፣ ማካርተር ፋውንዴሽንና ኮንሰርቬሽን ኢንተርናሽናልን ከመሰሉ ለጋሾች የተሰባሰበውና ለአገር በቀል ማኅበራት አነስተኛ ድጋፍ የሚሰጠው ፈንድ ከ2012 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮች ሲሠራ ኢትዮጵያንም አካቷል። ችግሩ ያው የቀድሞው ነው፤ ዘመኑ ሲያልቅ ያልቃል።

በ2024 ተዋዋዮቹ ወደ ካናዳ ጠረፍ ተመልሰው ከደኑ ፊት ለፊት ለተዘረጋው ባሕር 335 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ዘጉ፤ ከፈራሚዎቹ መካከል 17 ነባር ሕዝቦች ይገኛሉ። በ2007 የግል ለጋሾች ድርሻ ግማሽ ነበር። በዚህኛው ከ335ቱ 75 ሚሊዮኑ ብቻ የእነርሱ ነው፤ የቀረውን መንግሥታቱ ከፍለዋል።