የኦቲዝም ዕውቀት ከጓዳ ሲነሣ

ስለ ኦቲዝም የምናውቀው ብዙ ነገር መነሻው የቤተሰብ ጓዳ ነው። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ስለ 11 ሕፃናት ባሳተመው ጥናት የመጀመሪያውን ልጅ ታሪክ በአብዛኛው የቀዳው አባትየው ከላከለት ባለ 33 ገጽ ደብዳቤ ነው። ልጁ ክብ ነገር ሁሉ፣ መጥበሻ ሳይቀር፣ ወለል ላይ ሲያሽከረክር ደስ ይለዋል፤ ካቋረጡት ቁጣው ይገነፍላል። የተለመደው ሥርዓት ትንሽ ሲዛነፍ እነዚህ ልጆች ምን ያህል እንደሚጨነቁ ማየት የሚችለው አብሯቸው የሚውል የሚያድር ሰው ነበር። የሚያሳዝነው፣ የሥነ አእምሮ ሙያው ዞሮ ወላጆችን መክሰሱ ነው። ከባለሙያዎቹ አንዱ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን ከሁሉ በላይ በእናቶች ላይ ጣለ።

ወላጅን ፍቅር ያሳውረዋል፣ ባለሙያ ግን ከውጭ ሆኖ በጥራት ያያል የሚል ይኖራል። ወላጅም እንደሚሳሳት አልክድም። ሆኖም ችግሩ ከአስተዳደግ ሳይሆን ከተፈጥሮ እንደሚመነጭ በ1964 አጥብቆ የተከራከረው በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያም፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባትም ነበር። በብሪታንያ በ1962 የኦቲዝም ማኅበር ያቋቋሙት ወላጆች ናቸው። በአዲስ አበባም ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በ2002 የመሠረቱት ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆኑት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው።