ፓይ የት ይቀመጣል? ከማሃኔ ይሁዳ እስከ ኢትዮጵያ መንገድ

የዛሬው ታሪካችን ከሹኩ ይጀምራል።

ዓርብ ጠዋት ከእናቴ ጋር ማሃኔ ይሁዳ ሄደን ሩብ ኪሎ እርድ አዘዝን። ሚዛኑ 0.26 አለ። እናቴ «ሩብ ነው፤ ትንሽ አለፍ ብሏል» አለች። እኔ ግን በሩብና በግማሽ መካከል ስንት ቁጥር አለ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ። 3/8 አለ። በ1/4 እና በ3/8 መካከል ደግሞ 5/16 አለ። ማለቂያ የለውም! የቁጥር መስመሩ በክፍልፋይ ጢም ብሎ የሞላ ይመስላል። ግን አልሞላም።

ከሹኩ ወጥታችሁ ወደ ኢትዮጵያ መንገድ ብትሄዱ ደብረ ገነትን ታገኛላችሁ፤ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ያለቀችው ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት። የማንኛውንም ክብ ዙሪያ ከዳር እስከ ዳር ባለው ርቀት ብታካፍሉት አንድ ዓይነት ቁጥር ይመጣል፤ እሱም ፓይ ነው።

ይህ ቁጥር በከተማችን የቆየ ታሪክ አለው። በአንደኛ ነገሥት 7፥23 ላይ ሰሎሞን ለቤተ መቅደሱ ያሠራው የናስ ባሕር ከዳር እስከ ዳር 10 ክንድ፣ ዙሪያው 30 ክንድ ነው። ስለዚህ ፓይ 3 ይሆናል ማለት ነው። ከዛሬ 2200 ዓመት ገደማ በፊት አርኪሜድስ ቁጥሩን በሁለት በኩል ከበበው፤ ከ223/71 ይበልጣል፣ ከ22/7 ያንሳል አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ራምባም የሚሽና ማብራሪያው ላይ ይህ ቁጥር በትክክል ሊታወቅ እንደማይችል፣ ይህም ከእኛ አለማወቅ ሳይሆን ከነገሩ ባሕርይ እንደሆነ ጻፈ። ላምበርት በ1761 ፓይ ክፍልፋይ እንዳልሆነ በማስረጃ አሳየ።

ታዲያ ክፍልፋይ ካልሆነ ምንድን ነው? መልሱ በ1872 ከዴዴኪንድ መጣ። ክፍልፋዮችን ሁሉ ለሁለት ክፈሉ፤ ከፓይ የሚያንሱት በግራ፣ የሚበልጡት በቀኝ ይሁኑ። የተቆረጠበት ቦታ ራሱ ቁጥር ነው። በዕብራይስጥ ሚስፓሪም ማማሺይም የምንላቸው ክፍልፋዮችና እነዚህ ቁርጦች አንድ ላይ ናቸው። ካንቶር ደግሞ በ1874 እነዚህን ቁጥሮች አንድ፣ ሁለት እያልን በተራ ልንዘረዝራቸው እንደማንችል አሳየ። ክፍልፋዮችን ግን መዘርዘር ይቻላል። የካንቶርን ሥራ ወደዚህ ከተማ ካመጡት አንዱ አብርሃም ፍሬንክል ነው፤ ሙኒክ ተወልዶ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፣ በ1965 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፈ።

ለባግሩት ስዘጋጅ «3.14 ጻፍና እለፍ» ተብዬ ነበር። ሰዎችም «ግማሽ ኢትዮጵያዊ ነህ ወይስ ሩብ?» ሲሉኝ ክፍልፋይ ፈልጌ ልመልስ እሞክር ነበር። አሁን ተውኩት። ፓይ በመስመሩ ላይ ልክ የራሱ ቦታ አለው። ቁጥሩ አልጎደለም፤ ያልበቃው ክፍልፋዩ ነው።

በሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ። ሻባት ሻሎም!